ገመዱን አትፍታው!

«ቀኑ ደርሶ ነው።»

ይህችን ቃል ለቅሶ ቤት በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው ሐይቅ ላይ ሊዝናና ሄዶ ሬሳው ተጎትቶ ሲመለስ፣ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ይህንኑ ይላል። ቀኑ ደርሶ ነው! የቱ ቀን? ለአሥር ሰው የተሠራች ጀልባ ሃያ ሰው የተጫነባት ቀን? ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ታስሮ የዋለበት ቀን? ነጂው ከቀትር በኋላ ነፋስ እንደሚነሣ እያወቀ «አንድ ዙር ልጨምር» ያለበት ቀን? እንዲህ ያለውን ቀን የቆረጠው ሰው ነው። ስም ያለው፣ ስልክ ያለው፣ ሒሳብ የተቀበለ ሰው።

እኛ ግን አህያውን ፈርተን ዳውላውን እንደበድባለን። «ጣና ተቆጣ» እንላለን። «ውኃው ሰው ለምዷል» እንላለን። ሐይቅ ፍርድ ቤት አይቆምም። ካሳ አይከፍልም። ፈቃዱ አይነጠቅም። ጥፋቱን በሐይቁ ላይ መጫን የምንወደውም ለዚህ ነው፤ ማንም ማንንም ሳያስቀይም ድንኳኑ ይነቀላል፣ ጀልባዋም በማግስቱ ሥራ ትወጣለች።

ባለፈው የካቲት ለኪዳነ ምሕረት ዓመት በዓል አክስቴን ይዤ ወደ ዘጌ ሄድኩ። አክስቴ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት የተሳለችው ጃንጥላ ነበራት፤ በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። የሰባት ዓመት ልጄም አብራን ነበረች። ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ተሳፍረን ስንቀመጥ ቆጠርኩ። ከነጂውና ከረዳቱ ጋር 19 ነን።

ከእግሬ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ብርቱካንማ ነገር አየሁና ጎትቼ አወጣሁት። የሕይወት አድን ጃኬት ነው። መቆለፊያው ተሰብሮ በሲባጎ ተተክቷል። ፊሽካው ተነቅሎ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል። ደረቱን ስጫነው ስፖንጁ ውኃ ጠጥቶ ኖሮ ጣቴ ረጠበ። ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ለሰባት ዓመት ልጅ ይቅርና ለእኔም እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ነው።

«ለልጄ የሚሆን ትንሽ የለም?» አልኩት ነጂውን።

«አይዞሽ እህቴ፣ ኪዳነ ምሕረት እያለች ምን ትሆኚያለሽ? ሃያ ዓመት ስመላለስ አንድ ሰው ጠፍቶብኝ አያውቅም!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ከኋላዬ አንዱ «ፈሪ ናት» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን እኔ እንድሰማው አድርጎ። ዝም አልኩ። አፍሬ ዝም አልኩ። ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሁለት እጄን ወገቧ ላይ ቆልፌ ያን ሁሉ መንገድ ተጓዝኩ። ያንን ዝምታዬን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

እናንተስ? እንዲህ ዝም ብላችሁ አታውቁም? ጀልባዋ ስትጫን ዓይናችሁ የውኃውን ጠርዝ እየለካ፣ «በዛን እኮ» የምትለዋ ቃል ጉሮሯችሁ ላይ ደርሳ አልተመለሰችም? ታውቃላችሁ። ሁላችንም እናውቃለን። የሚይዘን ይሉኝታ ነው። ፈሪ እንዳንባል፣ ጉዞ አበላሸች እንዳንባል፣ እምነት የላትም እንዳንባል። አንድ ሙሉ ጀልባ ሰው እርስ በርሱ እየተፋፈረ ውኃ ላይ ይወጣል።

«ትልቅ ሰው ለራሱ ያውቃል፤ የፈለገ ይልበስ፣ ያልፈለገ ይተው» የሚሉኝ አሉ። ነፃነት ነው ይሉኛል። አያውቅም! ከደብረ ብርሃን የመጣ ምዕመን፣ ከአዲስ አበባ ለጫጉላ የመጣ ሙሽራ ስለ ጣና ምን ያውቃል? ጠዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ስላየው ማታም እንደተኛ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውስ ለዚህ አይደለም? ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ፣ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ማዕበሉ አጫጭርና ተደራራቢ ነው፤ አንዱን አለፍኩ ስትል ሌላው ይደርስብሃል። ይህን ነጂው ያውቃል። ደንገል አስሮ በሠራት ታንኳ የሚቀዝፈው ሽማግሌም ያውቃል። ከፍሎ የተሳፈረው አያውቅም። ዕውቀቱ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ኃላፊነቱስ ታዲያ ማን ጋ ይሁን?

በዚያው ጠዋት ጉማሬ ወዳለበት፣ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ስንቀርብ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዱ «ያውላችሁ!» ሲል ግማሹ ሰው ስልኩን ይዞ በአንድ ወገን ተነሣ። ጀልባዋ ወደዚያው አዘመመች። የውኃው ጠርዝ ከመቀመጫችን አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ነጂው ምን አለ? ምንም። እሱም ስልኩን አውጥቶ ነበር።

እሱ ደግሞ ሌላ ጉድ አለበት። እንዲህ ያለ ሞተር ቀይ ጥምጥም ገመድ አለው። አንደኛው ጫፍ ሞተሩ ላይ ይሰካል፣ ሌላው በነጂው የእጅ አንጓ ወይም ጉልበት ላይ ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ካልታሰረ ጀልባዋ ነጂ አልባ ሆና እየተሽከረከረች፣ ውኃ ውስጥ በወደቀው ሰው ላይ ከነፕሮፔለሯ ትመለስበታለች። አሜሪካ ውስጥ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትናንሽ ጀልባ ነጂ ይህን ማሰር በሕግ ግዴታው ነው። የእኛ ነጂ ቀዩን ገመድ ሞተሩ ላይ ጠምጥሞ ኮቱን ሰቅሎበታል።

ሚኒባስ ነጂ ሰው ገድሎ «ቀኑ ደርሶ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? 543 ሲባል የማይደነግጥ ሾፌር አለ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል። ሁለት ሰውና ከዚያ በላይ ከሞተ፣ ወይም ደንብ ታውቆ ከተጣሰ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አንቀጹ አስፋልት ላይ ብቻ አይልም። ታዲያ ያው መሪ፣ ያው ክፍያ፣ ያው ከልክ በላይ ጭነት ውኃ ላይ ሲሆን ለምን ወንጀልነቱ ይቀርና መዓት ይባላል? ከጀልባ ወድቆ የሞተ ሰው ከመንገድ ዳር ከሞተው ያንሳል?

ነጂው ብቻውንም አይደለም። ወደቡ ላይ ቆሞ ተራ የሚያስጠብቀው ሰው ተሳፋሪ መቁጠር አይችልም? ሒሳቡንማ ሲሰበስብ አንድ ሰው አይዘለውም! ጉዞውን ከአልጋና ከምሳ ጋር ደርቦ የሚሸጠው ሆቴልስ? እንግዳው ሲመጣ «ጀልባችን» ይላል፤ አደጋ ሲደርስ «የኮንትራት ጀልባ ነው፣ እኛን አይመለከተንም»። ሰው ሞቶ ሲቀበር ደግሞ ሁሉም ተሰብስቦ ኮሚቴ ያቋቁማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ደግሞ ከድህነታችን ጋር አታገናኙብኝ። የዚህችው አክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። እዚያ ልጆቹ ጃኬታቸውን ሳይቆልፉ ጀልባ አያስነሣም፤ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲለብስ የሚያስገድድ ሕግ አለና ይፈራል። አምና ሐዋሳ መጣ። አሞራ ገደል ዓሣውን በልቶ፣ ሁለት ቢራ ጠጥቶ ፍቅር ሐይቅ ላይ ጀልባ ያዘ። የሰጡትን ጃኬት አውልቆ ወንበሩ ላይ ወረወረው። «ፎቶ ያበላሻል» አለ። እዚያ የሚሞት ሰውነት፣ እዚህ የማይሞት ሆነ?

እሱ የሚኖርበት አገር የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ምን እንደሚል እነሆ። በ2023 እ.ኤ.አ. በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰው ሞቷል። የሞቱበት ምክንያት ከታወቀው ውስጥ 75 በመቶው ሰጥመው ነው። ከሰጠሙት መካከል፣ መልበስ አለመልበሳቸው ከተመዘገበው፣ 87 በመቶው ጃኬት አላደረጉም። በገዳይነት ቀዳሚ ሆኖ የታወቀው ምክንያት ደግሞ መጠጥ ነው። አዲስ ጀልባ አላቸው፣ ሬዲዮ አላቸው፣ ሄሊኮፕተር ይዞ የሚመጣ አዳኝ አላቸው። ያልለበሰው ሞተ። እኛ ሄሊኮፕተር የሌለን ምን ተማምነን ነው የምናወልቀው?

«ከባሰ ያኔ እለብሳለሁ» የሚል አለ። መቼ? የሚሰጥም ሰው የሚጮኽ የሚመስለን ፊልም ስላየን ነው። አፉ ከውኃ በላይ የሚሆንባትን ቅጽበት አየር ይስብባታል እንጂ አይጮኽባትም። እጁን አያውለበልብም። ብዙ ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ አጠገቡ ያለው ሳያውቅ ይወርዳል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የትኛውን ሲባጎ ነው የምትቋጥረው?

ጃኬቱ መኖሩ ብቻም አይበቃም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ። ብዙዎቹ ጃኬት ለብሰው ነበር፤ ነገር ግን ገና ካቢን ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ስለነበር ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ አስቀራቸው። ጃኬት ከነአለባበሱ፣ ከነጊዜው መነገር አለበት። አየር ላይ ስንሆን አስተናጋጇ ስታሳየን በጨዋነት እናያለን። ውኃው ላይ ራሱ ስንወጣ የሚያሳየን የለም፤ ለምን የለም ብለንም አንጠይቅም።

«የነጂው ነፍስ ለራሱስ አታሳሳውም?» እንዳትሉኝ። ኅዳር 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ካምፓላ አቅራቢያ ሙዚቃ ከፍታ የምትጨፍር የመዝናኛ ጀልባ ተገለበጠች። ከልክ በላይ ተጭና ነበር። የመሥራት ፈቃድ አልነበራትም። ከ30 በላይ ሰው ሞተ፤ የጀልባዋ ባለቤትም አብሮ ሰጠመ። እሱም ማልዶ ሲነሣ አልሞትም ብሎ ነበር። ሃያ ዓመት ምንም አልሆንኩም ማለት እስከዚያች ማታ ድረስ እውነት ነው።

ስለ እምነት ደግሞ የማንንም ስብከት አልፈልግም። አክስቴ ጸበሏን ትጠጣለች፤ የግፊት መድኃኒቷንም አንድ ቀን አታዛንፍም። አንዱ ሌላውን ሲነካባት አይታ አታውቅም። የእመቤታችንን ስም ጠርቶ የጃኬት ዋጋ የሚያተርፍ ሰው እሱ ነው የደፈራት። ስለቷን ልታገባ የመጣችን የ70 ዓመት ሴት ጃኬት ሳያለብስ ውኃ ላይ አውጥቶ፣ ጥበቃውን ለእሷ ለኪዳነ ምሕረት ትቶ፣ ሒሳቡን ግን ለራሱ!

ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ነፋሱ ተነሥቷል። ዘጌ ዳርቻ ያለው ሸምበቆ አንድ ወገን ተኝቶ ይንቀጠቀጣል፤ የታሰረችው ጀልባ ከድንጋዩ ጋር ትላተማለች። ሰዉ ሁሉ ገብቶ ተቀመጠ። ረዳቱ ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

«አትፍታው» አልኩት።

«ምን ሆንሽ እህቴ?»

«ጃኬት ሳይታደል አልሳፈርም። ልጄም አትሳፈርም።»

«ይመሽብናል!» አሉ። «ብትፈሪ ለምን መጣሽ?» አሉ። ነጂው ፊቱ ጠቆረ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፄም እንደዚያው። ልጄን እጇን ይዤ ድንጋዩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሰው እንኳ አልደገፈኝም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ለእኔ ግን ረጅም ነበር።

ከዚያ አክስቴ ከመቀመጫዋ «ለእኔም ስጠኝ እስቲ ልጄ» አለች፣ ዳቦ የምትጠይቅ ይመስል።

አጠገቧ ያለችው ነፍሰ ጡር ቀና ብላ «እኔም» አለች። ከዚያ አንድ ተማሪ። ከዚያ ባልና ሚስት። ጠዋት «ፈሪ ናት» ያለው ሰውዬም ምንም ሳይናገር፣ ዓይኔን ሳያይ፣ እጁን ዘረጋ። ሁሉም ፈልገውት ኖሯል። ሁሉም ሌላው እስኪናገር ይጠብቁ ነበር።

ረዳቱ ከረጢቱን ዘረገፈው። ስድስት ጃኬት። አንደኛው መቆለፊያ የለውም።

ነጂውን «19 ነን» አልኩት። «ስድስቱን አልብሰን፤ ሰባተኛው ማን ይሁን? አንተ ምረጥ።»

ተሳፋሪውን አየ። ነፍሰ ጡሯን አየ፣ ልጄን አየ፣ ረዳቱን አየ፤ በኋላ እንደሰማሁት ረዳቱ የታናሽ ወንድሙ ልጅ ነበር። ከዚያ ከጀልባው ወረደና ገመዱን መልሶ ከግንዱ ላይ ቋጠረው።