ቆርቆሮ ለዝናብ፣ ሣር ለፀሐይ

በሕንፃ ትምህርት ውስጥ «ኮላዥ» የሚባል ዘዴ አለ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን ማጣበቅ ማለት ነው። ሠዓሊው ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የሰም ጨርቅ ቁራጭ በሥዕሉ ላይ ለጥፎ ነበር፤ ዘዴው ከሥዕል አልፎ ወደ ሕንፃ ንድፍም ተሻግሯል። ኮሊን ሮውና ፍሬድ ኮተር እ.ኤ.አ. በ1978 «ኮላዥ ሲቲ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ከተማን አፍርሶ በአንድ ፕላን እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ የልዩ ልዩ ዘመን ሥራዎችን ጎን ለጎን ማኖር ይሻላል ሲሉ ተከራክረዋል።

እኔ ግን ይህን ነገር በደንብ የተረዳሁት በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በነገሌ ቦረና ነው። ለሥራ ሄጄ የተከራየሁት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሙቀቱ እርሳስ አላስጨብጥ ቢለኝ፣ የቤቱ እመቤት ጓሮ ወዳለው የሣር ጎጆ ወሰዱኝና «ልጄ፣ ቆርቆሮው ለዝናብ ነው፤ ለፀሐይ ሣር ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮ ቶሎ ግሎ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል፤ ሣር ግን በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ያን ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ንድፍ ግን ባዶ ቆርቆሮና ሰፊ መስተዋት ነበረ!

የቦረና ሴቶች ከእንጨትና ከሣር፣ የሶማሌ አርብቶ አደር ሴቶች ደግሞ በጎበጠ እንጨት ላይ ሰሌን አልብሰው በግመል የሚጫን ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። መሐንዲስ አልተባሉም እንጂ ሥራቸው ምሕንድስና ነው። ታዲያ በነገሌ፣ በያቤሎ ወይም በሞያሌ አዲስ ሕንፃ ሲታሰብ ስንቶቻችን እነርሱን እንጠይቃለን?

«እንግዲህ ድሪቶ እንሥራ ወይ?» የሚል አይጠፋም። ድሪቶ ያገኙትን መደረት ነው፤ ኮላዥ ግን እያንዳንዱን ቁራጭ በምክንያት መርጦ ከጎረቤቱ ጋር ማስማማት ነው። ሣር እሳት ይፈራል፤ እንጨትን ምስጥ ይበላዋል። ቆርቆሮ በበኩሉ የዝናቡን ውሃ ወደ ገንዳ ያወርዳል፤ ይህም በቆላ አገር ታላቅ ጥቅም ነው። ስለዚህ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የሰሌን ኮርኒስ፣ በመካከላቸው ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት፣ ግድግዳው ከታች ድንጋይ ከላይ ጭቃ፣ ከደጅም ሰፊ በረንዳ ቢሆን፣ ሁሉም በየሙያው ያገለግላል።

ጭቃ የድኻ ዕቃ ነው የሚል ካለ፣ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ የከፈቱትን ዞማ ቤተ መዘክር ይመልከት። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ኤልያስ ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቁርጥራጭ ትልልቅ ሥዕሎችን የሚያቀናብር ሰው መሆኑም ያለ ነገር አይደለም።

እናንተ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ለቆላ ከተማ የሚሠራ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ፕላን በእጃችሁ ሲገባ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን በቀትር ከአገሩ እናቶች ጓሮ ተቀመጡ። በዚያ ጣራ ሥር የሚውለው ተማሪው፣ የሚተኛውም ሕመምተኛው ነው እንጂ ፕላኑን የፈረመው ሹም አይደለምና።