አሶሳ በጃዝ ኦርኬስትራ

ከነቀምቴ ተነስቶ የዴዴሳን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ ጊምቢን፣ ነጆንና መንዲን አልፎ፣ ባምባሲን ትቶ አሶሳ ይገባል። አሶሳ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ ናት፤ በንጉሡ ዘመን ግን በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። በጃዝ ሙዚቃ ውስጥ ስሟን ከፍ አድርጎ ያስጠራው ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ» አልበም ውስጥ «አሶሳ» የሚል ሥራ አለ። በ2013 በ«ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ ደግሞ «አሶሳ ደራሼ» ብሎ ተመለሰባት።

የ2013ቱ አልበም ርዕስ ማይልስ ዴቪስና ጊል ኢቫንስ በ1960 ለትልቅ ኦርኬስትራ የሠሩትን «ስኬችስ ኦፍ ስፔን» ያስታውሳል። እነርሱ ወደ ስፔን ተመለከቱ፤ ሙላቱ ግን ወደ ገዛ አገሩ። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከለንደን ጃዝ ተጫዋቾች ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ፒያኖና ቼሎ ጋር ተቀምጠዋል። የሥራዎቹ ስያሜ ራሱ ጉዞ ነው፦ ጋሞ፣ ጋምቤላ፣ ጉሙዝ፣ ሱርማ። ለአባይ የተሰጠ ሥራም አለበት፤ ዴዴሳም ውኃውን የሚያስረክበው ለአባይ ነው።

አሶሳና ደራሼ ግን ምን አገናኛቸው? አንዱ ምዕራብ፣ ሌላው ደቡብ ጊዶሌ አካባቢ ነው። መልሱ ያለው በትንፋሽ መሣሪያዎቻቸው ላይ ይመስላል። በአሶሳ በኩል የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚለው መለከት ከቅል ይሠራል። ቅሎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰኩ ይረዝማሉ፤ ትልቁ ወደ ሰው ቁመት ይጠጋል። አንድ ነፊ ዜማውን ብቻውን አይጫወትም። የያዘው አንድ ድምፅ ነው፤ ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ ለሚቀጥለው ይለቃል። ዜማው የሚሰማው ሁሉም በየተራቸው ሲገቡ ነው፤ አንድ ሰው ከቀረ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታወቃል። የደራሼዎቹ የትንፋሽ መሣሪያ ፊላም እንዲሁ በቡድን የሚነፋ ነው። ሙላቱ በቃለ መጠይቆቹ ደራሼዎችን ደጋግሞ የሚያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቻርሊ ፓርከርና ደቡሲ የሚመሰገኑበትን ዲሚኒሽድ ስኬል የተባለ የድምፅ ቅደም ተከተል እነርሱ ቀድመው ያውቁታል ብሎ ይሟገታል፣ የድምፅ ሳይንቲስቶችም ይላቸዋል።

እንግዲህ ብዙ ነፊ አሰልፎ፣ ለእያንዳንዱ ድርሻውን ሰጥቶ አንድ ሙዚቃ ማውጣት ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ብቻ አይደለም። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ አብሮት ሠርቷል፤ ያን ትልቅ ባንድ በአድናቆት የተቀበለች አገር የራሷን ትልልቅ ባንዶች በየገጠሩ ትታ ኖራለች። እነዚህን ባንዶች በበዓልና በዝግጅት ቀን መድረክ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ታይተው የሚወርዱ አድርጎ ማየት ይብቃ። ዋዛ ለአቀናባሪ ትምህርት ቤት ነው።

ለዚህ ትምህርት የሚሆን ተቋም በአካባቢው አለ፤ ነቀምቴ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። አሶሳም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው የየመሣሪያውን ድምፅ በጥሩ ማይክሮፎን ይቅረጹ፤ እያንዳንዱ ነፊ የሚይዘውን ድርሻ በኖታ ያስፍሩ፤ ነፊዎቹን ራሳቸውን በክፍያ በአስተማሪነት ይጋብዙ። ከዚያም አንድ ወጣት አቀናባሪ ለትልቅ ባንድ አዲስ ሥራ እንዲጽፍ ይዘዙት፣ መጀመሪያም በነቀምቴና በአሶሳ ይቅረብ። የየከተማው ሬዲዮ ጣቢያዎችም «አሶሳ ደራሼ»ን ከእነ ታሪኩ ለአድማጮቻቸው ያሰሙ።