ለባሌ ተራራ ጉዞ የሚበጀን የመኝታ ከረጢት የትኛው ነው?

የተራራ ጉዞ ክበባችን በመጪው ኅዳር ወደ ባሌ ተራሮች ለመሄድ አስቧል። ስለ ምግቡ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ መኪናው ኪራይ ብዙ ተነጋግረናል። ስለ መኝታው ግን የተባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «እያንዳንዱ ተማሪ የመኝታ ከረጢቱን ገዝቶ ይምጣ» የሚል ነው። እኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም። ክበቡ ራሱ 12 ጥሩ የላባ ከረጢቶች ገዝቶ የጋራ ንብረት ቢያደርጋቸው ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቴንም ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቻችንና በተለይም ገንዘቡን ለሚከፍሉት ወላጆች በዚህ መጽሔት ላይ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የምንሄድበትን አገር ብርድ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ የሳነቴ አምባ ግን 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በጂኦግራፊ እንደተማርነው አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ሳነቴ ከከተማችን በ10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። በበጋው ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ መሬቱ ቀን ያገኘውን ሙቀት ሌሊት ለሰማዩ መልሶ ይሰጣል፤ ቀን በሸሚዝ የሄደ ሰው ማለዳ ሲነሣ የኮዳው ውኃ በረዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። በሳነቴ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰ ብርድ ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮው እንኳ ሜዳ ላይ ሲተኛ ተጠቅልሎ አፍንጫውን በጭራው ሥር ይሸሽጋል።

«አያቶቻችን በጋቢና በቡሉኮ ያድሩ አልነበረምን?» የሚሉ ወላጆች አሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው። ጋቢ የሚያሞቀው በድርቦቹ መካከል አየር ይዞ ስለሚያስቀር ነው፤ ከሱፍ የተሠራው የመንዝ ባና ደግሞ ከዚህም የበለጠ ይሞቃል። ነገር ግን አያቶቻችን የሚያድሩት በቤታቸው፣ ምድጃቸው አጠገብ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የአርኪዎሎጂ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እዚያው ባሌ ውስጥ በ3,469 ሜትር ከፍታ፣ ፊንጫ ሀበራ በምትባል የዋሻ መጠለያ ይኖሩ ነበር፤ እነሱም ቢሆኑ አለቱ ከነፋስ ጋርዷቸው፣ እሳት አንድደው፣ ፍልፈል ጠብሰው እየበሉ ነው። እኛ የምናድረው በስስ ድንኳን ነው። ከዚህም ሌላ ጥጥ ላብና ጤዛ ይመጥጣል፤ አንድ ጊዜ ከረጠበም ብርድ እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ቡሉኮ በጀርባ ተሸክሞ ዳገት መውጣትም ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።

ላባ ስል የዶሮ ላባ የመሰለው አይኑር። በዝይና በዳክዬ ደረት ላይ፣ ከውጭኛው ላባ ሥር፣ አገዳ የሌለው ጥጥ መሳይ ብናኝ አለ። ይህ ነገር ራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ የሚሠራው የሰውነታችን ሙቀት እንዳይሸሽ ብዙ አየር በትንሽ ክብደት ይዞ ማቆየት ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ፊንች የተባለው ተራራ ወጪ በባሉን ጨርቅ የተሰፋ የላባ ካፖርት ለብሶ ወደ ኤቨረስት ሲሄድ ባልንጀሮቹ ስቀውበት ነበር፤ ብርዱ ሲመጣ ግን ሳቁ ቀረ።

የላባው ጥራት የሚለካው አንድ አውንስ፣ ማለት 28 ግራም ያህሉ፣ ሲነፋ በሚይዘው ስፍራ ነው። 600 የተባለው ወደ 10 ሊትር፣ 800 የተባለው ወደ 13 ሊትር ያህል ስፍራ ይይዛል። ነጋዴዎች ይህን ቁጥር በትልቁ ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን የከረጢቱን ሙቀት አይነግረንም፤ ምን ያህል ግራም ላባ ተሞልቶበታል ብሎ መጠየቅ ይገባል። 900 ግራም የ600 ላባ ያለበት ከረጢት 400 ግራም የ800 ላባ ካለበት ይልቅ ይሞቃል። ልዩነቱ የመጀመሪያው ከብዶ ዋጋው የሚቀንስ መሆኑ ነው። ለተማሪ ትከሻና ለተማሪ ኪስ መካከለኛው ይበቃል እላለሁ።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። በዓለም አቀፉ መለኪያ በአይ ኤስ ኦ 23537 የተፈተነ ከረጢት ላይ ሦስት የሙቀት ቁጥሮች ይጻፋሉ። ፈተናው የሚካሄደው በሚሞቅ አሻንጉሊት ሰው ነው። የመጀመሪያው ቁጥር «ምቾት» የሚባለው ሲሆን፣ አንዲት መካከለኛ ሴት ዘና ብላ የምትተኛበትን ብርድ ያሳያል። ሁለተኛው «ወሰን» ነው፤ አንድ መካከለኛ ወንድ ተኮራምቶ የሚያድርበት ማለት ነው። ሦስተኛው የመጨረሻ አደጋ ቁጥር ነው፤ ይኸውም አንዲት ሴት እየተንቀጠቀጠች ለስድስት ሰዓት ያህል በብርድ ሳትሞት ልትቆይ የምትችልበት ነው። ባለፈው ጉዞ አንዲት የክፍላችን ልጅ «ከዜሮ በታች 15» ተብሎ የተሸጠላትን ከረጢት ይዛ መጥታ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እሳት ዳር ተቀምጣ አነጋች። ጠዋት የከረጢቱን ጽሑፍ ስናነብ 15 የተባለው ሦስተኛው ቁጥር ሆኖ አገኘነው። ሻጩ አልዋሸም ይባል ይሆናል፤ እውነቱን ነግሯታል ለማለት ግን እኔ አልደፍርም። ስለዚህ ሴትም ብንሆን ወንድ፣ ስንገዛ የምቾቱን ቁጥር ብቻ እናንብብ። ለሳነቴ የምቾት ቁጥሩ ከዜሮ በታች 8 ወይም 10 ቢሆን፣ ከዚያ የበረታውን ብርድ በሹራብ፣ በካልሲና በቆብ እንችለዋለን።

ላባ እንከን የለውም አልልም። ሲረጥብ ተጣብቆ ይሟሽሻል፤ ያን ጊዜ ዋጋ የለውም። ከፖሊስተር የተሠራው ከረጢት ርጥበትን ይችላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ጉዟችን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ቢሆን ኖሮ እኔም ፖሊስተሩን በመረጥኩ ነበር። በኅዳር ግን የሚያሠጋን ዝናብ ሳይሆን ውርጭ ነው። ያንኑ ያህል የሚያሞቅ የፖሊስተር ከረጢት ክብደቱም ስፋቱም ብዙ በመሆኑ የሻንጣችንን ግማሽ ይወስዳል። ፈረስ ለሚከራይ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ የእኛ ክበብ ግን ጓዙን የሚሸከመው ራሱ ነው።

በሱቅ ውስጥ ከረጢቱን ዘርግቶ ጥቂት ጠብቆ ማየት መልካም ነው። ክፍሎቹ እኩል ካልተነፉ ወይም በብርሃን ሲያዩት ባዶ ስፍራ ካለበት ይለፍ። ስፌቱ ከላይ እስከ ታች የበሳው ከሆነ በስፌቱ መስመር ሁሉ ብርድ ይገባል። ራስን የሚሸፍን ቆብ፣ በዚፑም ውስጥ በላባ የተሞላ መከለያ ሊኖረው ይገባል። በጣም ሰፊውንም አትመኙት፤ ባዶውን ስፍራ የሚያሞቀው የገዛ ሰውነታችሁ ነው። አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከሥራችን ያለው ላባ በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ አያሞቅም፤ ስለዚህ ጥሩ ምንጣፍ የሌለው ሰው ውድ ከረጢት ቢይዝም ከመሬቱ ብርድ አያመልጥም።

ወደ ውሳኔው ልመለስ። እንዲህ ያለውን ከረጢት እያንዳንዱ ወላጅ ይግዛ ማለት፣ ያለው ልጅ ይሂድ የሌለው ይቅር ማለት ነው። ባለፈው ዓመት አራት ተማሪዎች የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ከሁላችን የተሻለ እግረኛ ነበር። ርካሹን እንግዛ ካልንም ያች ልጅ ያደረችውን ሌሊት ሁላችን እናድራለን። ክበባችን በአንድ ጉዞ ከ12 ሰው በላይ አይወስድም። በተገቢው ከተያዘ የላባ ከረጢት ብዙ ዓመት ስለሚያገለግል፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎችም ይተኙበታል።

«ልጄ ሌላ ሰው በተኛበት አይተኛም» የሚሉ እናቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ትክክል ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከአቡጀዲ የተሰፋ የራሱን የውስጥ ከረጢት ይዞ ይምጣ፤ ከጉዞ በኋላም ወደ ቤቱ ወስዶ ይጠበው። ወርዱ ከላባው ከረጢት ወርድ ጋር፣ ርዝመቱ ከተማሪው ቁመት ሁለት ስንዝር የሚበልጥ ቢሆን ይበቃል።

ጥበቃውን በሚመለከት፣ ከረጢቶቹ ከጉዞ ሲመለሱ አየር ላይ ተሰጥተው በደንብ ከደረቁ በኋላ በግምጃ ቤት ውስጥ ተንጠልጥለው ይቀመጡ። በትንሿ መያዣቸው ታጭቀው ከከረሙ ላባው የመንፋት ኃይሉን ያጣልና። የወላጆች ስብሰባ በመስከረም ይደረጋል ተብሏል፤ የግዢው ነገር በዚያን ዕለት ከአጀንዳው ላይ እንዲገባ የክበቡን ጸሐፊ በዚህ ጽሑፍ እጠይቃለሁ።