የሰው ወርቅ ያላደመቃት ከተማ

በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ኖርዊች የምትባል 40 ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት ከተማ አለች። የራሷ የቤዝቦል ስታዲየምም አላት፤ ዶድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፈት የገባበት የኒውዮርክ ያንኪስ ወጣት ተጫዋቾቹን የሚያበስልበት ክለብ ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን ሰኔና ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ በዚያ ሜዳ የሚጫወቱት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ደመወዝ አይከፈላቸውም።

ይህን እንደ ውርደት የሚያዩ አሉ። ተሳስተዋል። ሊያፍር የሚገባው ሌላ አካል ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ክለብ ከ2009 የውድድር ዘመን በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ሄደ። ኖርዊች በምትኩ ያገኘችው በኒውዮርክ ግዛት ካለችው ከኦኒዮንታ የተነቀለ ክለብ ነው። ኦኒዮንታ ከኖርዊችም ታንሳለች፤ በሊጉ ከ40 ዓመት በላይ ቆይታለች። አንዷ ስትደሰት ሌላዋ አዘነች። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በሥሩ የሚታቀፉትን ክለቦች ከ160 ወደ 120 ቀነሰ። ኖርዊችም ከተቆረጡት አንዷ ሆነች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ሊግ የ40 ከተሞችን ዕጣ በአንድ ውሳኔ እንዴት ይወስናል? መልሱ 100 ዓመት ያለፈው ፍርድ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 ቤዝቦል በግዛቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ አይደለም ብሎ ከፀረ ሞኖፖል ሕግ ነፃ አወጣው። ቅርጫት ኳስም ሆነ የአሜሪካ ፉትቦል ይህ መብት የላቸውም። የኖርዊቹ ክለብ ከሌሎች ሦስት ክለቦች ጋር ሆኖ ሊጉን ከሰሰ። የሥር ፍርድ ቤቶች በ1922ቱ ፍርድ ታስረናል ብለው ክሱን ጣሉት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በር ላይ ሲደርስ፣ በ2023፣ በስምምነት ተዘጋ። ከሳሾቹ ተካሱ፤ ከተሞቹ ግን ያው እዚያው ናቸው።

የተረፉትም ቢሆን በነፃ አልተረፉም። ሊጉ መብራቱ፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉ፣ የልምምድ ቦታው በአዲስ መለኪያ ይታደስ ብሎ አዘዘ። አብዛኞቹ ስታዲየሞች የከተማ ወይም የአካባቢ መንግሥት ንብረት ስለሆኑ ወጪው በብዛት የወደቀው ግብር ከፋዩ ላይ ነው። አዛዡ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ!

የሊጉ ጠበቆች ከለውጡ በኋላ የወጣቶቹ ተጫዋቾች ደመወዝ አድጓል ይላሉ። እውነት ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን በዓመት ቢሊዮን ዶላሮች የሚያስገባ ተቋም ለተጫዋቹ የተሻለ ለመክፈል ከተሞችን መቁረጥ ነበረበት?

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የ1922ቱን ልዩ መብት ኮንግረስ ይሻር። ፍርድ ቤቱ ራሱ ጉዳዩን ደጋግሞ ወደ ሕግ አውጪው መርቶታል። ሁለተኛ፣ ከተሞች የሕዝብ ገንዘብ ሲያወጡ ክለቡ ቢሄድም ለሚቀረው ነገር ያውጡ፤ ለትምህርት ቤት ልጆች፣ ለኮሌጁ፣ ለሠፈሩ ነዋሪ የሚሆን ሜዳ ይሥሩ። ከማንኛውም ክለብ ጋር ሲዋዋሉም ጥሎ የሚሄድ ካሣ እንዲከፍል ይጻፍ። የተማሪዎቹም ቡድን ቢሆን ከዚህ አይለይ፤ እሱም ነገ ሊሄድ ይችላል።

ክለብ እንግዳ ነው። እንግዳ ይከበራል፤ የቤቱ ቁልፍ ግን አይሰጠውም።