የቀድሞ ጉንፋን ለወፍ ጉንፋን ዋስትና አይደለም

በደሴ ዙሪያ፣ በቃሉና በተሁለደሬ ዶሮ ለጨው፣ ለሳሙናና ለደብተር መግዣ የምትውል የእማወራዋ ጥሪት ናት። ዶሮዎች በጅምላ ሲሞቱ ግን ብዙ ጊዜ «ፈንግል ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ የታመመችውም ሳትሞት ትታረዳለች፤ አለዚያም ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ገበያ ትወሰዳለች። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል።

ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ሰውን መያዙ በመጀመሪያ የታወቀው በ1997 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ ሲሆን፣ ከ18 ሕመምተኞች 6ቱ ሞተዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ጎረቤት አገር ጅቡቲም ገብቷል።

«ጉንፋን ስንቴ ይዞኝ ለቆኛል፣ ምን ያደርገኛል?» የሚል ገበሬ አይጠፋም። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሰውነት በልጅነቱ መጀመሪያ የተዋጋውን የጉንፋን ዓይነት አይረሳም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1968 እ.ኤ.አ. በፊት የተወለዱ ሰዎች በልጅነታቸው የያዛቸው ጉንፋን ከኤች5ኤን1 ጋር ዝምድና ስላለው፣ በዚህ በሽታ ክፉኛ የመጎዳታቸው ዕድል ዝቅ ያለ ነው። ኅዳር ሲታጠን የሚታሰበው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታም ከዚሁ ወገን ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ዓለምን ባዳረሰው ጉንፋን አስቀድመው የተያዙ የላቦራቶሪ እንስሳትም የወፍ ጉንፋን ሲይዛቸው ሕመሙ ቀልሎላቸዋል።

ይሁን እንጂ ሕመምን ማቅለል አንድ ነገር ነው፤ በበሽታው አለመያዝ ሌላ ነው። ከዚህም በላይ ገና ጉንፋን ያላወቀ ሕፃን ይህ ስንቅ የለውም፤ ዶሮ የሚያግደውና የሚያባርረው ግን ልጅ ነው። በሰው ጉንፋን የተያዘ ሰው የታመመ ዶሮ ቢነካ ደግሞ ሁለቱ ቫይረሶች በአንድ አካል ተዳቅለው ከሰው ወደ ሰው የሚዛመት አዲስ ዓይነት ሊወልዱ ይችላሉ።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሥራ ግልጽ ነው። ዶሮ በጅምላ ሲሞት ኮምቦልቻ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ እንዲመረመር ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው ማስታወቅ፣ የሞተው በባዶ እጅ ሳይነካ በጥልቅ እንዲቀበር፣ የታመመው ለገበያ እንዳይወጣ መቆጣጠር፣ ሕፃናትንና ጉንፋን የያዛቸውን ማራቅ ይጠበቅባቸዋል። ከሁሉ በላይ፣ ቀድሞ የተናገረ ገበሬ በጎረቤቱ እንዳይወቀስ ሊከላከሉለት ይገባል። የሚወቀስ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል፤ የተደበቀ በሽታ ደግሞ መንደር ይፈጃል።