«ሴት የነዳት ናት!»

መኪና ወዳድ ነኝ። በልጅነቴ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ የሚመጣውን መኪና ሳላይ፣ በሞተሩ ድምፅ ብቻ «ፊያት ነው፣ ቮልስ ነው፣ ፔጆ ነው» እያልኩ ከሰፈር ልጆች ጋር እወራረድ ነበር። ዛሬም ከሰው ጋር ቁም ነገር እያወራሁ ጥሩ መኪና ካለፈ ዓይኔ አብሮት ይሄዳል። ባለቤቴ ይህን አመሌን ስለምታውቅ ትንሽ ትጠብቅና «ተመለስክ?» ትለኛለች።

እናም በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ዋሽንግተን ዲሲ በነበርኩበት ሰሞን የከተማዋ ዓመታዊ የመኪና ትርኢት ተከፍቷል ሲባል ማን ይቻለኝ! እዚያው ታክሲ የሚነዳ አብሮ አደጌ የአንድ ቀን ሥራውን ትቶ ወሰደኝ። ትርኢቱ የሚካሄደው በዋልተር ዋሽንግተን የስብሰባ ማዕከል ነው። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውስጥ ግን በመቶ የሚቆጠሩ መኪኖች ምንጣፍ ላይ ተደርድረው በመብራት ያብረቀርቃሉ። በራቸው ክፍት ነው፤ ገብተህ ብትቀመጥ፣ ኮፈን ብታስከፍት፣ ልጅህ መሪ ቢያዞር «አትንካ!» የሚል የለም። እዚያው ሽያጭ ስለሌለም እጅጌህን የሚጎትት ሻጭ የለም። እኔም ከአንዱ ወጥቼ አንዱ ውስጥ ስገባ፣ አዲስ ቆዳ ሳሸት፣ ሁለት ሰዓት አለፈ።

ከዚያ አንድ መኪና መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዓይኔን ያዘውና ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ።

«እንዴ! መኪናውን ትተህ ወረቀት ታነባለህ?» አለኝ ጓደኛዬ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምን ይሆናል? የመኪናው ወረቀት ነዋ! እዚህ አገር አዲስ መኪና ያለሱ አይሸጥም። አሁን ና፣ ጂፑን እንይ።»

እኔ ግን ጂፑን ረሳሁት። ወረቀቱ የመኪናውን ዋጋ ይናገራል። ከተማ ውስጥና ከከተማ ውጭ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጠጣ፣ በዓመት ለነዳጅ ስንት እንደሚያስወጣ ይናገራል። ከፊትና ከጎን ሲጋጭ፣ ሲገለበጥም ሰውን ምን ያህል እንደሚያተርፍ እስከ አምስት በሚደርስ ኮከብ ይናገራል። ከዕቃው ስንት በመቶው የየት አገር ሥራ እንደሆነ ሳይቀር ይናገራል። መኪናው ገዢው እጅ ሳይገባ ይህን ወረቀት መላጥ በሕግ ያስቀጣል።

«እነሱ ሥልጡን ናቸው፣ እኛ ግን...» የሚለውን የተለመደ ለቅሶ ላሰማችሁ አይደለም። እነሱም እንደኛው ነበሩ። የአሜሪካ መኪና ነጋዴ የፈለገውን ዋጋ እየጠራ ገዢውን ያምታታ ስለነበር ነው፣ ሞንሮኒ የሚባሉ የኦክላሆማ ሴናተር እ.ኤ.አ. በ1958 ሕጉን ያስወጡት። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ የሚመልስ ሌባም ሞልቶ ስለነበር በ1972 ሌላ ሕግ ወጣ። ከ1985 ጀምሮ ደግሞ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ዋስትና መስጠት አለመስጠቱን የሚገልጽ ወረቀት መስታወቱ ላይ እንዲለጥፍ ተገደደ። ሰዎቹ ከእኛ የተሻለ ልብ ስላላቸው አይደለም። ልባቸውን ስላላመኑት ወረቀት አስለጠፉበት።

የእኛም መኪና መስታወት ባዶ አይደለም፤ ሁለት ወረቀት አለው። አንደኛው ቦሎ ነው፤ እሱ የሚያወራው ከመንግሥት ጋር ነው። ሁለተኛው «የሚሸጥ» ይልና ስልክ ቁጥር ይከተላል። የቀረውን ደላላው በአፉ ይሞላዋል። «ሴት የነዳት ናት! ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ብቻ!»

ለመሆኑ ይህች ሴት ማን ናት? አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠውን መኪና ሁሉ የነዳችው እሷ ከሆነች መቼ ተኛች? ቤቷስ ከቢሮዋ ምን ያህል ቢቀርብ ነው የአሥራ አምስት ዓመት መኪና አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ የቆመው?

መሳቁ ቀላል ነው። እኔ ግን የምስቅበት አንጀት የለኝም፤ ለምን እንደሆነ ልናገር።

ከዓመታት በፊት አንዲት ነጭ ኮሮላ ገዛሁ። ቀለሟ ያበራል፣ ሞተሯ አይሰማም። «ሴት የነዳት ናት» ተባልኩ፤ እኔ መኪና አዋቂው አመንኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታየው! አንድ ምሽት ታናሽ ወንድሜ ተውሶኝ ናዝሬት መንገድ ላይ መብራት ሳያበራ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ኤርባጉ አልከፈተም። መንጋጋው ተሰበረ፣ ግራ ዓይኑ ጠፋ። ጋራዥ ወስጄ መሪው ሲፈታ ውስጡ ባዶ ነው። መኪናዋ በመጣችበት አገር ተጋጭታ፣ ኤርባጓ ያኔውኑ ፈንድቶ፣ ክዳኑ በማጣበቂያ ተለጥፎ ነበር። የኤርባጉ መብራት እንዳያጋልጥ ገመዱ ከሌላ መብራት ጋር ተቀጥሏል፤ ሞተር ሲነሳ በርቶ ይጠፋል። ይህን ያህል ጥበብ የፈሰሰው እኔን ለማታለል ነው።

እስከዚህ ድረስ ተበዳይ ነኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ለብዙ ሰው አላወራሁትም።

ኮሮላዋ ላሜራዋ ተቀጥቅጦ፣ ቀለም ተቀብታ እንደገና አበራች። ለወንድሜ ሕክምና ገንዘብ ያስፈልገኝ ነበር፤ ለደላላ ሰጠኋት። አንድ ሰው ትንሽ ልጁን ይዞ ሊያያት መጣ። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ገብታ ትዘላለች። ሰውየው ወደኔ ዞሮ «ግጭት አላት እንዴ ጋሼ?» አለኝ። ደላላው ቀደመኝ፦ «ኧረ በስማም! ሴት የነዳት ናት!» እኔ መሬት መሬት አየሁ። ብሩን ተቀበልኩ፣ ሊብሬው ዞረ፣ ኤርባጉም ባዶውን ሄደ።

ስለዚህ «ነጋዴው ሌባ ነው፣ ደላላው ውሸታም ነው» እያልኩ ጣቴን የምቀስርበት ፊት የለኝም። የምለው፦ እኔን የመሰለ ሰው ዝም ማለት እንዳይችል የሚያስገድድ ወረቀት ያስፈልጋል ነው። ያን ቀን መስታወቱ ላይ «ተጋጭታለች፣ ኤርባግ የላትም» የሚል በፊርማዬ የተረጋገጠ ወረቀት ለጥፍ ብባል ኖሮ ወይ እውነቱን እጽፍ ወይ እታሰር ነበር። ዝምታ ግን አያሳስርም፤ ለዚህ ነው የምንወደው።

«ድሃ አገር ነን፣ ይህ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ወረቀት ስንት ያወጣል? ደግሞስ ቅንጦቱ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አንድ አሮጌ መኪና ላይ የሚያፈሰው ድሃ ይጠየቅ ወይስ በዓመቱ የሚቀይረው ሀብታም? «ሕግ የለም» የሚልም አለ። አለ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የጎደለው ይህን መብት ከመጽሐፍ አውጥቶ መስታወት ላይ የሚለጥፍ እጅ ነው። «ገዢው ካላየ የራሱ ጉዳይ» ለሚለኝ ደግሞ፣ አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አፏን ከፍተው ጥርሷን አይተው ዕድሜዋን ያውቁ ነበር፤ መሪ ውስጥ ያለውን ባዶነት የትኛውን አፍ ከፍተን እንይ?

እኔ ዲሲ ትርኢት ባየሁበት በዚያው ሰሞን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መታገዱ ተሰማ። ጊዜው የኤሌክትሪክ ሆነ። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ አይጨስም፣ ድምፁም አያሳብቅም። ዋጋው ያለው ባትሪው ላይ ነው፤ ባትሪ ደግሞ ያረጃል። ስንት በመቶ አቅም እንደቀረው በመሣሪያ ይለካል። ከሽያጭ በፊት ተለክቶ ይጻፍ ካልተባለ ግን «ሴት የነዳት ናት» ያልነው አፍ «ሴት ቻርጅ ያደረገቻት ናት» ማለት አያቅተውም።

ከቦሎው አጠገብ አንድ ተጨማሪ ወረቀት የሚለጠፍበት ቦታ አለ። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ዓመት፣ እውነተኛው ኪሎ ሜትር፣ ግጭቱ፣ ኤርባጉ፣ ባትሪው፤ ከታች የሻጩ ስምና ፊርማ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ያቺን ነጭ ኮሮላ የገዛኸኝ ወንድሜ ሆይ፣ ይህን ካነበብክ ዛሬውኑ ጋራዥ ውሰዳትና መሪውን አስፈትተህ እይ። እስከዚያው ልጅህን ከፊት አታስቀምጣት። የነዳት ሴት አይደለችም። እኔ ነኝ፤ አንድ ምሽት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ።