በፀሐይ ደጃፍ ያለ በረዶ

በግጥሞቻችን ውስጥ ብርሃን ዘወትር ለጋስ፣ ጨለማ ዘወትር ሌባ ነው። ይህን ፍርድ እንደ ውርስ ተቀብለን እንደግመዋለን እንጂ ተፈጥሮን ስንጠይቅ አንታይም። እስኪ፣ ውድ አንባብያን፣ ለፀሐይ ከፕላኔቶች ሁሉ የሚቀርበውን፣ የጥንት ሊቃውንት አጣርድ ያሉትን፣ ዛሬ ሜርኩሪ የምንለውን ዓለም እንጠይቀው።

የአጣርድ ቀን እስከ 430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወደ 180 ይወርዳል፤ ሙቀትን አቅፎ የሚያቆይ ከባቢ አየር የለውምና። ከእንዲህ ያለ ምድጃ ውስጥ ውሃን ማን ይፈልጋል? ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1991 ከምድር የተላከ የራዳር ሞገድ ከሰሜን ዋልታው በረዶን በሚመስል ድምቀት ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 ፕላኔቱን የዞረችው መሴንጀር የተባለች መንኮራኩር ነገሩን አጠናከረችው። በ2012 ይፋ በሆነው ግምት መሠረት በዋልታዎቹ ያለው በረዶ ከ100 ቢሊዮን እስከ 1 ትሪሊዮን ቶን ይደርሳል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአጣርድ ዛቢያ ከቀጥታ እምብዛም አያዘነብልም፤ በዋልታዎቹም ፀሐይ ከአድማስ ከፍ ስለማትል የጥልቅ ጉድጓዶቹን ወለል ጮራ ከቶ አይነካውም። አብዛኛው በረዶ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር በሚገመት ጥቁር ንጣፍ ተሸፍኗል፤ ንጣፉም ጅራታም ከዋክብትና አስትሮይዶች ከውሃው ጋር ያመጡት የካርቦን ውሁድ ሳይሆን እንደማይቀር ተመራማሪዎች ያስባሉ። ብርሃን ሊያተነው የሚችለውን ጥላ ጠብቆ አቆየው።

የገጹም አፈር ሌላ ፍርድ ሽሯል። የፀሐይ ግለት በቀላሉ የሚተኑትን ንጥረ ነገሮች ጠራርጎ ወስዷል የሚል መላምት ነበር። መሴንጀር ግን በገጹ ላይ እስከ 4 በመቶ የሚደርስ ድኝ፣ ከተጠበቀው በላይም ፖታሲየም አገኘች። ለእሳት መቅረብ ብቻውን ባዶ መሆንን አያስረዳም።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች በዚህ ዓለም እንግዶች አይደለንም። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የአጣርድን ጉድጓዶች በከያንያን ስም ይሰይማል፤ ቶልስቶይና ዶስቶየቭስኪ በዚያ አሉ። ከሰሜን ዋልታው አጠገብ በረዶ ካዘሉት መካከልም አንዱ የሙዚቃ ደራሲው ፕሮኮፊየቭ፣ ሌላው ቶልኪን ይባላሉ።

«ግጥም የሳይንስ ሎሌ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን የተለመደ ምሳሌም ሎሌ ሊሆን አይገባውም። ጨለማን በብርሃን ዙፋን እናስቀምጥ አልልም፤ ያ አንዱን ድግግሞሽ በሌላ መተካት ነው። የምለው፣ ምሳሌያችን ከማየት ይወለድ ነው። ቅኔያችን ወርቁን ከሰሙ ሥር ማኖርን ያውቅበታል፤ መሸፈን ሁሉ መጥፋት እንዳልሆነ ከማንም በፊት ሊገባን የሚገባ እኛ ነን። አንድ ገጣሚ ነገ «ጨለማ» ብሎ ሲጽፍ፣ ቃሉ የሚሰርቀውን ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀውንም ይጠይቅ።